ጥቁር አንበሳ፦ ስደትን የከለከለው ሕግ

ጥቁር አንበሳ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን ይህ ስም የጦር ስም ነበር። የያዙትም በአብዛኛው ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በስዊድን መኮንኖች ሥር ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጠላትን እንዲያግዱ ጣርማ በር ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አገር ለቀው ሄዱ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የሚያዛቸው መንግሥት ያልነበራቸው እነዚህ ልጆች ወደ ነቀምት ዘልቀው በገዛ ፈቃዳቸው ማኅበር መሠረቱ። ሊቀመንበሩ እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር።

ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፈ። የፖለቲካው አመራር ከወታደሩ በላይ ነው፤ ገበሬውን መበደል ክልክል ነው፤ ምርኮኛ አይንገላታም፤ አባል አይሰደድም፤ በጠላት እጅ ከመውደቅ ራሱን ያጠፋል። መጨረሻው ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝነትን ያውጃል። ልብ በሉ፤ ስደትን የሚከለክል ሕግ ለተሰደደ ንጉሥ ይምላል!

በሰኔ ወር፣ ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ፣ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን በሌሊት አቃጠሉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ጎሬ የነበሩት ራስ እምሩ መሪነቱን ያዙ።

ድሉ ግን አልቀጠለም። የምዕራቡ መኳንንት ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመግባት እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። “ገበሬውን አትበድሉ” የሚለው አንቀጽ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለዘመናት የተከማቸ በደል በጥቂት ወራት ሕግ አይሰረዝም። ወገን ያጣው ጦር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበበ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ጣሊያንም ተጋዙ። ማኅበሩ እንደ ጦር እዚያ አበቃ።

የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጣሊያኖች እጃቸውን ሰጥተው የነበሩትን ጥቁር አንበሶች እየለቀሙ ረሸኑ። ክፍሌ ናሲቡ፣ በላይ ኃይለአብ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከተገደሉት መካከል ናቸው።

እጅ መስጠታቸውን ከሕጋቸው ጋር እያስተያየ የሚወቅሳቸው አይጠፋም። እኔ ግን ሌላውን ጎን አያለሁ። መንግሥት በሌለበት፣ ጠመንጃ በእጃቸው እያለ፣ መጀመሪያ የጻፉት ራሳቸውን የሚገታ ሕግ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ሕግ በሆነበት አገር፣ ከቦነያው ድል ይልቅ ይህች ወረቀት ትበልጥብኛለች። እናንተስ?