አደይ አበባ ከሶፍት፦ የበዓል ጌጣችን ከአገር ቤት እስከ ሂንዳዊያ

ከአገር የወጣች እህት ጅዳ ላይ በዓል ሲደርስባት መጀመሪያ የሚናፍቃት ቄጤማ ነው። ዶሮውም ቡናውም እዚህ ይገኛል፤ ቄጤማ ግን ከየት ይምጣ? አሸዋና አስፋልት ነው። ታዲያ ሂንዳዊያ የኖርን ሠራተኞች ቤታችንን በምን እያሳመርን በዓል እንዳከበርን ልጽፍ ፈልጌ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ታሪክ አለው።

በአያቶቻችን ጊዜ ጌጥ የሚገዛ ነገር አልነበረም። በዋዜማው ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ አለቀ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ታለብሰዋለች፤ ማንም ሳይከፍል ይቀጥፋል። ግድግዳ ላይ ጌጥ መለጠፍ የከተማ ነገር ነው። ደሴ አያቴ ቤት ግድግዳው ጋዜጣ ነበር፤ በዓል ሲመጣ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በአሮጌው ላይ አዲስ ይለጠፋል። እኔ ፊደል የለየሁት ከትምህርት ቤት በፊት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ብል አልዋሸሁም።

የእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕልስ? ሴቶቹ አደይ ይዘን አበባየሆሽ እንጨፍራለን፤ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ በወረቀት ላይ ስለው በየቤቱ ያድላሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ። ስለ እንቁጣጣሽ ስም የሚነገረው የንግሥት ሳባና የእንቁው ወሬ በጣም የጥንት ነው። ሥዕሉ ግን እንደ እኔ ግምት እንደዚያ የቆየ አይደለም። ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ ይፈልጋላ! ደብተር ደግሞ ለብዙ ልጅ የደረሰው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተጀምሮ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገሩ ወርዶ። ስለዚህ ጥንታዊ የምንለው ባህል ውስጥ ብዙው ልጆች ባገኙት ነገር የፈጠሩት ነው። ገና ሲሆን ጽድ ላይ ጥጥ በትነው በረዶ የሚያስመስሉትም እንዲሁ ናቸው። በረዶው ከፈረንጅ ፖስትካርድ የመጣ ነው፣ ጥጡ ግን የእኛው።

ሂንዳዊያ ከጥንቱ የጅዳ ከተማ ከባለድ በስተደቡብ ያለ የድሮ ሰፈር ነው። ባለድ ውስጥ የሀብታም ነጋዴዎቹ ቤቶች በተጠረበ እንጨት ያጌጠ መስኮት አላቸው፤ በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። የእኛ ሂንዳዊያ አሮጌ ፎቅ፣ ጠባብ መንገድ፣ ርካሽ ክፍል ነበር። ለአንድ ክፍል ስድስትም ሰባትም ሆነን እንከፍል ነበር፤ ግማሾቻችን ሙስሊም፣ ግማሾቻችን ክርስቲያን። እንቁጣጣሽ ግን የሁላችንም ነው።

አደይዋን የምንሠራት ከቢጫ ሶፍት ነው። ከአቡ ሪያለይን ሱቅ አንድ እሽግ ይገዛል። ሶፍቱን አራት አጥፎ፣ መሐሉን በክር አስሮ፣ ጫፉን በመቀስ አሹሎ፣ እያንዳንዱን ሽፋን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ችኩል እጅ ይቀደዋል። ግንዱ የቆሻሻ ከረጢት ማሰሪያ ሽቦ ነው። ቄጤማውን ደግሞ የሳዑዲ ብሔራዊ ቀን ሰጠን! በዓሉ በፈረንጅ መስከረም 23 ስለሆነ፣ ለእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ሱቁ ሁሉ አረንጓዴ ሪባንና ወረቀት ይሞላል። ያንን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ መጎዝጎዝ ነው። ሽታ የለውም እንጂ ዓይን ያታልላል። የረመዳን ፋኑስና የጨረቃ ጌጥም ከዒድ በኋላ ማዳሞች ሲጥሉት እንለቅማለን፤ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ለኮከብ ይሆናል።

የሒጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ በዓሎቹ አንዳንዴ ይገናኛሉ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም 1 የዓረፋ ቀን ነበር፣ በማግስቱ ዒድ። በዚያ ዓመት የነበሩ እህቶች ሲያወሩ አሁንም ይስቃሉ፤ አንዱ ጌጥ ለሁለት በዓል ሆነ፣ ወጪ ቀነሰ!

ግን ሁሉም እንዲህ በሳቅ አይነገርም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የምሕረት ጊዜው አልቆ አፈሳው ሲጀመር፣ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ከእኛ በፊት ጌጥ ይሠሩ የነበሩት ያኔ ተበተኑ። እኔ ስመጣ አሠራሩን ያሳየችኝ ከእነዚያ የተረፈች አንዲት እህት ነበረች። እሷ ባትቀር ኖሮ ሪባን ገዝተን እንሰቅል ነበር፣ ሌላ ምን እናውቃለን?

ቀጥሎ ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የጅዳ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። ፔትሮሚን፣ ሰቢል፣ ሂንዳዊያም ጭምር። ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ኢኽላእ» ተብሎ ይጻፋል፤ ልቀቁ ማለት ነው። በእኛ ፎቅ ሲጻፍ ማብሰያውንና ብርድ ልብሱን ጫንን፣ አንዷ ልጅ ጌጡን ትተን እንሂድ ስትል ሌላዋ ተቆጣቻት። ተለቅሞ በጫማ ካርቶን ገባ።

አሁን ያለሁበት ቤት ባለቤቱ ፕላስተር መለጠፍ ከልክሏል፤ ቀለሙ ይላጣል አለ፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ክር ከመጋረጃው ብረት ወደ በሩ ወጥረን አደዮቹን በክሩ ላይ ደረደርናቸው። ሦስቱ ከሂንዳዊያ የመጡ ናቸው፣ ቢጫቸው ነጥቷል። አዲስ የመጣችው ልጅ አሮጌዎቹን ልታወጣ ነበር፤ አሠራሩን የምታይበት ስለሆነ ፈትታ እንድትገጥመው አንዷን ሰጠኋት።