የባሕር ኃይላችንና የመኮንኖቹ ዕጣ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ኮሌጁም በማግሥቱ ዓመት ተከፈተ። በሥልጠናው የኖርዌይ መኮንኖች የረዱ ሲሆን፣ አንድ ዕጩ መኮንን ለምረቃ የሚበቃው ከአራት ዓመት በላይ ተምሮ ነበር። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተሰኘች መርከብ የምጽዋ ኩራት እንደነበረች ይታወሳል።

በየካቲት 1990 ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ገባች። በግንቦት 1991 የተረፉት መርከቦች ባሕርተኞቹን ይዘው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም በ1993 የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ1996 ባሕር ኃይሉ ራሱ ፈረሰ። መኮንኖቹም በሰው አገር ተበተኑ።

መንግሥት በ2018 ባሕር ኃይሉን መልሶ እንደሚያቋቁም አስታውቆ፣ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ተስማማ። ነገር ግን በ1991 የ25 ዓመት ወጣት የነበረ መኮንን ያን ጊዜ 53 ዓመት ሞልቶታል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦች ሲመቱ እንዳየነው፣ ወደብ የሌላትም አገር የባሕሩ ሰላም ይመለከታታል። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ ባሕር የሚያውቅ መኮንን ግን በዓመታት ብቻ ይገኛል። ጡረታ የወጡት አንጋፋዎች በሕይወት ሳሉ እውቀታቸውን ለተተኪው ትውልድ ማውረስ ይገባል።