የፊያት 124 ልጆችና የሞተራቸው ነገር

ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ተነሥተው ወደ ጉዴሌና ወደ ከስተም የሚመላለሱትን የጁባ ሚኒባሶች ላስተዋለ ሰው መንገዱ የቶዮታ ብቻ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ያደገ ተሳፋሪ ግን ታክሲ ሲባል ከሁሉ አስቀድማ በዓይነ ኅሊናው የምትመጣለት ሌላ መኪና ናት፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ የተቀባችው ላዳ። ሙሽራ አጅባለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ ስንት ቤተሰብም በእርሷ ገቢ ልጆቹን አስተምሯል። ስለዚህች መኪና ብዙ ተወርቷል። ስለ ሞተሯ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ስሕተት ነው።

ከስሕተቶቹ ሁሉ ዕድሜው የረዘመው «ላዳ ማለት ያው ፊያት 124 ናት» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ፈጽሞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንንም ባልጎዳ ነበር። የሚያሳስተው ግማሹ እውነት በመሆኑ ነው።

ፊያት 124 ለሽያጭ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት «የአውሮፓ የዓመቱ መኪና» ተብላ ተሸልማለች። በዚያው በ1966 ነሐሴ ወር ፊያትና የሶቪየት መንግሥት ሞስኮ ላይ ተዋዋሉ። በስምምነቱ መሠረት ፊያት በቮልጋ ወንዝ ዳር ለሚቋቋመው ግዙፍ ፋብሪካ ዲዛይኑንና ዕውቀቱን አቀረበ። ፋብሪካው የተተከለባት ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት በሶቪየት ምድር ባረፈው በኢጣሊያው ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ተሰይማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከመገጣጠሚያው የወጡት ሚያዝያ 19 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራቸው ዢጉሊ ተባሉ፤ ወደ ውጭ ሲላኩ ላዳ የሚለውን ስም ያዙ።

በዚህ መካከል በነበሩት አራት ዓመታት መኪናዋ ብዙ ተለውጣለች። የሩሲያን መንገድ እንድትችል አካሏ ጠነከረ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗ ተነሥቶ ጭቃና ጠጠር የሚታገሠው ከበሮ ፍሬን ተተካ። ባትሪ ሲደክም በእጅ የሚዞር ማኖቬላም ተጨመረላት፤ ለዚህኛው የአዲስ አበባ ባለ ታክሲም ሳያመሰግን አልቀረም። የማሻሻያዎቹ ቁጥር ከ800 በላይ እንደነበር ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ኮፋኖው ሲዘጋ የማይታየው ነው።

የኢጣሊያዋ 124 ሞተር ካምሻፍቱ ታች ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ በረጃጅም ዘንጎች ቫልቮቹን የሚገፋ፣ የዚያ ዘመን የተለመደ ሞተር ነበር። ናሚ የተባለው የሞስኮ የመኪና ምርምር ተቋም መሐንዲሶች ይህን ሞተር አልተቀበሉትም። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ እንዲወጣና ሞተሩ ወደፊት ሊያድግ የሚችል እንዲሆን ጠየቁ። ፊያትም አዲስ ሞተር አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ነገሩ ዛሬ ሲታይ መሐንዲሶቹ ልክ ነበሩ፤ ያ ሞተር ብዙ ወንድሞችን ወልዶ በርካታ አሠርት ዓመታት አገልግሏል። ለመለዋወጫ ፈላጊ ግን ወጥመድ ትቶ አለፈ። የፊያቷ ሞተር ይዘት 1197 ሲሲ ነው፤ የላዳዋ 1198። በሊብሬ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንዲት ሲሲን ልዩነት የጸሐፊ ግድፈት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ውስጡ ሲከፈት ግን የፊያቷ ሲሊንደር ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 71.5 ሲሆን፣ የላዳዋ ስፋት 76፣ ምልልሱም 66 ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቴስታታው አንዱም ለሌላው አይገጥምም።

ታሪኩ ሦስተኛ ልጅ አለው፤ ከሦስቱ ቆንጆዋ እርሷ ናት። በ1966 መገባደጃ በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ላይ ፊያት በፒኒንፋሪና የተነደፈችውን 124 ስፖርት ስፓይደር አቀረበ። ሁለት በር ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ስትሆን፣ እስከ 1985 ድረስ ተመርታ ወደ 200,000 ገደማ ተሠርታለች፤ አብዛኞቹም አሜሪካ ገቡ። በ1972 የአውሮፓ ራሊ ሻምፒዮናን ያሸነፈው ራፋኤሌ ፒንቶ የነዳው እርሷን ነው። ሞተሯን የነደፈው ቀድሞ ለፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነበር። የተራዋን 124 ብሎክ መነሻ አድርጎ ቴስታታውን በሁለት ካምሻፍት ሠራው፤ ካምሻፍቶቹንም ጥርሳም በሆነ የጎማ ቺንጋ አዞራቸው። የመጀመሪያው ስፓይደር 1438 ሲሲ ነበረች፤ ስፋቷ 80፣ ምልልሷ ግን ልክ እንደ ተራዋ እኅቷ 71.5። ስለዚህ በመልክ ከተራዋ 124 የማትለየው ላዳ በሞተር ባዕድ ስትሆን፣ በመልክ ፈጽሞ የማትመስላት ስፓይደር ግን በሞተር የቅርብ ዘመድ ናት።

የስፓይደር ባለቤቶች የራሳቸው ፈተና አለባቸው። በተለምዶ «1600» የሚባሉት ሞተሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው 1608 ሲሲ ሆኖ ከፊያት 125 የመጣ፣ ሁለተኛው 1592 ሲሲ ሆኖ ከፊያት 132 የመጣ ነው። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ነው። ምልልሳቸው ግን አንዱ 80፣ ሌላው 79.2 ነው። «የ1600 ስፓይደር ዕቃ» ብሎ ያዘዘ ሰው ዕድሉ እኩሌታ ነው። በብሎኩ ላይ የተቀረጸው የሞተር ዓይነት ቁጥር በ125 ይጀምር እንደሆነ ወይም በ132 ብሎ ቢያይ ግን ጥርጣሬው በአንድ ጊዜ ያበቃል። መኪናዋ የተሠራችበት ዓመት እንኳ የዚህን ያህል አያስተማምንም፤ በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ተለውጦ ሊሆን ይችላልና።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በከተማዋ ፊያት ከላዳ በፊት የነበረ ስም ነው፤ ሴይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት 600 የታክሲነቱን ሥራ ቀድማ ይዛው ነበር። ላዳ የገባችው ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው። መካኒኩ በዚያን ጊዜ ለሙያው የሚሆን ቋንቋ ነበረው፤ ቋንቋውም የኢጣሊያ ነበር። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ እያለ ሲሠራ፣ ከቮልጋ ዳር የመጣችው መኪና እንግዳ አልሆነችበትም፤ ዕቃዎቿ በሩሲያ ፊደል ተጽፈው ቢመጡም በጣሊያንኛ ስማቸው ተጠሩ። አያታቸው ኢጣሊያዊት ናትና ስሙ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል።

መካኒኩ አዲስ መማር የነበረበት የላዳን የራሷን የቤተሰብ ሐረግ ነው። 1200ዋ ስፋቷ 76፣ ምልልሷ 66 ነው። 1300ዋ ስፋቷ ወደ 79 አደገ፤ ምልልሷ 66 ሆኖ ቀረ። 1500ዋ ወደ 76 ስፋት ተመልሳ ምልልሷን 80 አደረገች። 1600ዋ ደግሞ 79 በ80 ሆነች። ምልልሱ ሲረዝም ብሎኩም በ8.8 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ፤ ስለዚህ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት በ1200ዋና በ1300ዋ 114 ቀለበት ሲኖረው፣ በ1500ዋና በ1600ዋ 116 ነው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ቢሆንም በቃል ለመያዝ ያደናግራል፦ ፒስተንና ጓርኒሲዮን ስፋትን ይከተላሉ፤ ሰንሰለት የብሎክን ቁመት ይከተላል። የ1200ዋ ፒስተን ለ1500ዋ ይሆናል፤ ሰንሰለቷ ግን አይሆንም። የ1200ዋ ሰንሰለት ለ1300ዋ ይሆናል፤ ፒስተኗ ግን አይሆንም። ቀጥላ የመጣችው 2105 የምትባለው ሞዴል ደግሞ ሰንሰለቱን ትታ እንደ ስፓይደር በቺንጋ የሚዞር 1300 ሞተር ይዛ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበችው።

በመርካቶ ሱማሌ ተራ ሁለት የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጎን ለጎን ተሰቅለው ቢታዩ ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ናት። የ76ቱ ጓርኒሲዮን በ79 ሞተር ላይ ከታሰረ ግን ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፤ በእሳቱ መካከል ሆኖ ይግላል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ውሎ አድሮም ጠርዙ ተቃጥሎ ጭመቃው ያፈተልካል። በሰው መኪና የሚሠራ ሾፌር ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው የተወሰነ ገንዘብ አለ። ሞተሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት የመካኒኩ ዋጋ እንደገና ይከፈላል፤ መኪናዋ በቆመችባቸው ቀናት ደግሞ ቤት የሚገባ ነገር የለም። ርካሽዋ ጓርኒሲዮን ስንት እንዳስወጣች የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው ነባሮቹ መካኒኮች ደንበኛው የሚነግራቸውን ሰምተው ዕቃ የማያዝዙት። ሊብሬው የሞተር ቁጥር ይዟል፤ ነገር ግን ሊብሬ የሚናገረው መኪናዋ በተመዘገበች ጊዜ የነበረውን ነው። የሞተሩ ሞዴልና ቁጥር በብሎኩ ግራ ጎን ተቀርጿል፤ ቅባቱና አቧራው በጨርቅና በጋዝ ካልታጠበ አይነበብም። በኮፋኖው ሥር ያለችው የብረት ሰሌዳ ደግሞ አንድ የተረሳ ነገር ይዛለች። የፊያት ፋብሪካ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ሌላ «የመለዋወጫ ቁጥር» የሚባል ሦስተኛ ቁጥር በሰሌዳው ላይ ያትም ነበር፤ በምርት መካከል የተደረጉ ጥቃቅን ለውጦች ከየትኛው መኪና እንደጀመሩ የሚለየው በእርሱ ነው። ቶሊያቲ ፋብሪካ ሞተሩን ሲለውጥ ይህን ልማድ አልለወጠውም። በላዳዋ ሰሌዳ ላይ ያው ቁጥር በሩሲያ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎች መኪናዋን ሲቀቡ ሰሌዳዋንም አብረው ቀብተዋታል።

ትክክለኛው ስፋት ከታወቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። ፋብሪካው ሲሊንደሮቹን ከኤ እስከ ኢ ባሉ አምስት የላቲን ፊደላት መድቧል፤ በአንዱና በተከታዩ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ፊደል ከብሎኩ ሥር፣ የዘይት ገንዳው በሚታሰርበት ገጽ ላይ ተመትቷል። በፒስተኑ ራስ ላይም ያው ፊደል አለ፤ ወደ መኪናዋ ፊት ማመልከት ያለባት ቀስትም አለች። ሲሊንደሩ ተሞርዶ ከሰፋ ደግሞ ፒስተኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ አራት ማዕዘን ምልክት 0.8 ሚሊ ሜትር የሰፋ መሆኑን ይናገራል። ሩሲያኛ ያልተማረ መካኒክ እነዚህን ምልክቶች ያለ አስተርጓሚ ያነብባቸዋል።

በሩሲያ የ2107 ምርት በ2012 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚገዛው ዕቃ በልዩ ልዩ አምራቾች የተሠራ ስለሆነ፣ ሻጩ ዘንድ ማይክሮሜትር ወይም ካሊፐር ይዞ መሄድ ከማሸጊያው ጽሑፍ ይልቅ ያዋጣል።

የጁባ ባለ ሚኒባስም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከሞምባሳ በካምፓላ፣ ከዚያም በ2012 እ.ኤ.አ. አስፋልቱ በተጠናቀቀው የ192 ኪሎ ሜትሩ የኒሙሌ መንገድ የሚመጣው ያገለገለ ሃይኤስ በመልኩ አንድ ሆኖ ሳለ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ሊይዝ ይችላል። ሦስቱም በናፍጣ የሚሠሩ፣ አራት ሲሊንደር ያላቸው፣ ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። ስፋታቸው ግን 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የላዳ መካኒክ እዚህ ኮፋኖ ከፍቶ፣ ባለቤቱ ሞዴሉን እየነገረው ሳለ መልስ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ የብሎኩን ጎን በጨርቅ ሲወለውል ቢታይ፣ የሚፈልገው ያቺኑ ቁጥር ነው።