በጣት የሚታዘዝ መስታወት

ዛሬ የመገናኛ መሥመር ሠራተኛ ከምሰሶ ሥር ቆሞ በታብሌት ላይ ጣቱን እያሳረፈ የመረቡን ጤንነት ሲመረምር ያየ ሰው፣ መሣሪያው ለመዝናኛ ተፈጥሮ ኋላ ለሥራ የተዋሱት ይመስለው ይሆናል። ታሪኩ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ሐሳቡን በጽሑፍ ሲገልጽ በማልቨርን የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ ነበር፤ ያሰበውም ለአውሮፕላን በረራ ተቈጣጣሪዎች ነው። ቀጥሎ በጄኔቫ አጠገብ በሴርን ፕሮቶኖችን የሚያስሮጥ፣ ዙሪያው 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ መሣሪያ ሲሠራ፣ ለመቈጣጠሪያው በሺሕ የሚቈጠር ቍልፍ ሊደረደር ሆነ። ፍራንክ ቤክና ዴንማርካዊው ቤንት ስቱምፕ በዚህ ፈንታ 16 ቍልፎች ብቻ የሚታዩበትን፣ ሥራው በተለወጠ ቍጥር የቍልፎቹም ስም የሚለወጥበትን መስታወት አዘጋጁ፤ መሣሪያው በ1976 ሥራ ሲጀምር በዚሁ ታዘዘ።

ይህ ሁሉ ግን ከክፍል አይወጣም ነበር። በክፍሉ የተቀመጠው ሰው ብልሽቱን ያያል እንጂ አይነካውም፤ በሜዳ ያለው ሽቦውን ይነካል እንጂ የቀረውን መረብ አያይም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስልክ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የተበላሸው ራሱ ስልኩ ነው! በ1988 መሣሪያዎች ስለ ሁኔታቸው ሲጠየቁ እንዲመልሱ የሚያደርገው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. የተባለው ደንብ ወጣ፤ በ2010 አይፓድ ከተሸጠ ወዲህም ታብሌት በየቦታው ሲሠራጭ፣ ማየትና መንካት በአንድ ሰው እጅ ገቡ።

ሆኖም ታብሌቱ ወሬውን የሚቀበለው በዚያው በሚመረምረው መረብ ከሆነ፣ መረቡ በተቈረጠ ጊዜ መስታወቱም ዕውር ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሌላ የመገናኛ መንገድ ያዘጋጃል፤ በቦርሳውም ከመሣሪያው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ አይለየውም።