ከቢሾፍቱ እስከ ሚኒስትርነት፦ የአንድ ምሁር መንገድ

ባለፈው ጊዜ ስንገናኝ አንዱ ወንድማችን «የተማረ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሲጠይቅ ክርክሩ ሳያልቅ ቡናው አለቀ። ለዘንድሮው መጽሔት ስለዚሁ ጉዳይ ልጽፍ አሰብኩ። የምኖረውም የምሠራውም አዳማ ስለሆነ፣ ምሳሌዬን የወሰድኩት ከዚሁ ከመንገዳችን ላይ፣ ከቢሾፍቱ ነው።

ከመማሪያ ክፍል ተነስቶ አገር መምራት በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። አንጌላ ሜርክል የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ በ2005 የጀርመን መራሔ መንግሥት ሆኑ። አርመን ሳርኪስያንም ፊዚክስ አስተምረው፣ በንግዱም ዓለም አልፈው፣ በ2018 የአርሜኒያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እኛ ጋ ለዚህ መንገድ ቅርብ ሆነው የማገኛቸው ፊዚሲስት ሳይሆኑ ኢኮኖሚስት ናቸው፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ።

የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ቢሾፍቱ፣ በያኔው ስሟ ደብረ ዘይት፣ ነው። አባታቸው አቶ ነጋ ቦንገር ስመ ጥር ባለሀብት ነበሩ። ልጅየው ግን እንደ ብዙው የዘመኑ ወጣት በአብዮቱ ማዕበል ተወሰዱ። ኢሕአፓን ተቀላቅለው አሲምባ ደረሱ፤ ከዚያም በሱዳን በኩል አሜሪካ ገቡ። በኒው ዮርኩ ኒው ስኩል በኢኮኖሚክስ ዶክትሬታቸውን ሠርተው በበክኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በ1986 አገር ቤት ሲመለሱ ሁለት ሥራ ባንዴ ያዙ። በአንድ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርንም በፕሬዚዳንትነት ይመራሉ፤ በሌላ በኩል የማዳበሪያ ንግድ ውስጥ ገቡ። ማዳበሪያ ለእኛ አካባቢ ሰው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአድአ ጤፍ ያለሱ አይሆንም። እኔ ራሴ የማዳበሪያ ዋጋ መወደዱን የማውቀው ከዜና ሳይሆን ከታካሚዎቼ ነው። በመግዣው ሰሞን የስኳርና የደም ግፊት ቀጠሮ ይዝለላል፤ «ዶክተር፣ እህሉ ሲደርስ እመጣለሁ» ይሉኛል። ኢኮኖሚክስን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማርና ከነጋዴና ከገበሬ ጋር ሆኖ ማየት ለየቅል ነው።

ወደ ፖለቲካ ያሻገራቸውም ይኸው ቁጥርን በአደባባይ የመናገር ልማድ ይመስለኛል። በ1993 ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ጋር ለተማሪዎች ስለ ሰብአዊ መብት ንግግር ካደረጉ በኋላ ታሰሩ። ከዚያ የ1997ቱ ምርጫ መጣ። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። የቴሌቪዥን ክርክር ባለበት ማታ ቦታ ለማግኘት ቀድመን እንገባ ነበር። ተከራካሪዎቹ ስለ መሬት ይዞታና ስለ ማዳበሪያ ዕዳ አሃዝ እየጠቀሱ ሲሟገቱ፣ ፖለቲካ እንዲህም ይወራል እንዴ ብለን ተገርመናል።

ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ፤ ብርሃኑም ለከንቲባነት ተመረጡ። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም። በ1998 መጀመሪያ ከሌሎች መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ «የነጻነት ጎህ ሲቀድ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት ቃሊቲ ሆነው ነው። ሐምሌ 1999 በይቅርታ ከተፈቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ግንቦት 7ን መሠረቱ። በሌሉበት የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በ2007 ማስተማሩን ትተው ኤርትራ በረሃ ገቡ። እዚህ ላይ ሐሳባችን ይለያያል። ምሁር ጠመንጃ ካነሳ ምሁርነቱ ምኑ ላይ ነው የሚል አለ፤ ሌላ በር ሁሉ ተዘግቶ ነበር የሚልም አለ። እኔ ሐኪም ነኝና ጥይት የሚያደርሰውን ስለማውቅ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ።

ጳጉሜ 2010 ተመለሱ፤ በ2011 የኢዜማ መሪ፣ መስከረም 2014 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ተቃዋሚ ሆኖ በገዢው ፓርቲ ካቢኔ መቀመጥ ያስቆጣቸው የትግል ጓዶቻቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ከፓርቲው የወጡም አሉ።

እኔ የምለካቸው ግን በሌላ ነገር ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቁጥሩ ሳይቀባባ ተነገረ። በእኛ አገር ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ አሃዝ በራሱ አፍ ሲናገር መስማት አልለመድንም። የምሁሩ ልማድ ወንበሩ ላይም አብሮ ተቀምጧል አልኩ።

ይሁንና ትኩሳትን መለካት ማከም አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ቴርሞሜትሩ ትክክል ነው፤ በሽተኛው ግን ገና አልተነሳም። ፈተና የሚጠብቀው የመጨረሻውን በር ነው፤ በሽታው ያለው መጽሐፍ በሌለው አንደኛ ክፍል፣ ደመወዙ ወር በማያደርሰው መምህር ቤት ነው። ይህን ደግሞ አንድ ምሁር፣ የቱንም ያህል ደፋር ቢሆን፣ ብቻውን አያድነውም።

ለወንድማችን ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። የተማረ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ የሚጠቅመው እውነተኛውን ውጤት ሳይደብቅ ሲያነብልን ነው፤ ሕክምናው ግን የብዙ እጅ ሥራ ነው። በዚያው በ2014 ፈተና ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከመካከላችን ከእነዚህ በአንዱ ተምሮ የወጣ አይጠፋም። ስንገናኝ የየራሳችንን ትምህርት ቤት ስምና ውጤት ይዘን እንምጣ፤ ከቡናው በፊት እሱን እናውራ።