ረቂቅ ማስተካከያ ያለው የሩቅ ማያ ማቆሚያ

የቅየሳ መሣሪያ፤ እንጨት፣ ናስና ብረት

መነጽር ሩቁን 10 እጥፍ ሲያቀርብ የያዘውን እጅ መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ስለሚያጎላው፣ የጥበብ ሰዎች ለዐይን ኃይልን ከመጨመር አስቀድሞ ለመሣሪያው ጽናትን መስጠት እንደሚገባ ተረድተው፣ በወጣ ገባ ምድር ላይ እንኳ ሳይወላውል በሚቆም ሦስት እግር ላይ አኖሩት።

በማቆሚያው ራስ ላይ ያሉት ሦስት ብሎኖች መሣሪያውን ከውሃ ልክ ጋር ያስማማሉ፤ በጎኑ ያለው ትልቁ ብሎን መነጽሩን ሲያስር፣ ጥርሱ የረቀቀው ትንሹ ብሎን ግን የታሰረውን መነጽር ከሞላ ጋር እያጋፋ፣ እጅ ብቻውን በማይችለው ዝግታ ወደ ዒላማው ይመራዋል። የዲግሪ 60ኛ ክፍል የምታህል ስሕተት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት 29 ሴንቲ ሜትር ታስታለችና።

የግድብ ሥራም እንዲህ ያለ ረቂቅ ቅየሳን ይሻል፤ በዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከ1956 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ትብብር የተካሄደው የዐባይ ተፋሰስ ጥናት በሱዳን ወሰን አጠገብ ለግድብ የሚስማማ ሥፍራ አመልክቶ ነበር፤ በዚያው አካባቢ፣ በጉባ ወረዳ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ።

ይኸው የጽኑ ማቆሚያና የረቂቅ ብሎን ብልሃት ሰማይን ለሚመረምርም ያገለግላል፤ ምድር ስለምትዞር ጨረቃ በየ2 ደቂቃው የራሷን ወርድ ያህል ከመነጽሩ እይታ ትሸሻለች፤ ከጉባ ጋር በአንድ ክልል በምትገኘው በአሶሳ ደግሞ የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ተመልካቹ ሰሜኑ ያልተጋረደበትን ሥፍራ መምረጥ ይገባዋል።

ጎብኚ ሆይ፣ አጥርቶ ለማየት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ማቆሚያውን ያጽና።