ባሕር ሸሽ፤ የጣና ዳርቻ ታሪክ

ስለ ጣና ታሪክ የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ስለ ውኃው ያልተዋዋለ፣ ያልለካ፣ ያልተሟገተ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ ወደ ዓባይ እንዳይፈስ የሚያግድ ሥራ፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበረው። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒውዮርክ ድረስ ተጉዘው፣ በሐይቁ መውጫ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከአንድ የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የዳርቻው ድርሻ እምብዛም ነው።

ዳርቻውን ሲጠብቅ የኖረው ደንገል ነው። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ጭቃውን እንደ ምንጣፍ ይይዛል፤ ማዕበሉ እዚያ ደርሶ ይሰበራል፤ ጉማራና ርብ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደለልም ወደ መሐል ሐይቅ ሳይገባ እዚያው ይቀራል። ዓሣው ጫጩቱን የሚሸሽገው፣ ወፉም ጎጆውን የሚሠራው በዚያው ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸውን የሚያስሩትም ከዚሁ ተክል ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት፤ ስለዚህ ደንገሉ ካለቀ ሙያውም አብሮ ያልቃል።

ግንቦት 1988 ዓ.ም. ላይ የጨረጨራ ግድብ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨመሩለት። ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት የኃይል ማመንጫም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የሰማይና የወንዝ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ገባበት። ዝናቡ ሲያጥርና ተርባይኑ ውኃ ሲፈልግ የሆነውን በ1995 ዓ.ም. አየነው። በዚያ ሰኔ ሐይቁ እስከዚያ ድረስ ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ሰፊ የደንገል መሬት ደርቆ ጠፋ፤ ውኃው ለቆት የሄደው መሬትም ታረሰ።

የአካባቢው ሰው እንዲህ ያለውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። እኔ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅለትም። በመስከረም ሐይቅ ነው፣ ከወራት በኋላ ማሳ ነው። የሐይቅ ዳርቻን ሕግ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ድንበሩ በእግሩ ይሄዳል።

ለነገሩ ሕግ አልጠፋም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላት ዳርቻ ወሰን እንዲለይ፣ በተለየው ወሰን ውስጥም ዛፍና ዕፅዋት መቁረጥና የመኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ሰጥቷል። ዩኔስኮም በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን በዓለም የባዮስፌር ቀጠናዎች መዝገብ አስገብቷል፤ እምብርቱ፣ መከለያውና መሸጋገሪያው ተብሎ በካርታ ተከፋፍሏል። ካርታውን ያየ ሰው ደስ ይለዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ካርታ ይዞ ሳይሆን ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚኖረው፤ ደንገሉን አጭዶ በቆሎ የዘራው ጎረቤቱም የሚያርሰው ሌላ መሬት ጠቦት ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ መጣ፤ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ ፎገራንና ደምቢያን ወረረ። ለእምቦጭ ነቀላ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ዘምቷል፤ ቴሌቪዥኑም አሳይቶታል። ደንገል መትከል ግን ካሜራ አይጠራም። የደንገሉን ሥር ቆርጦ እርጥብ ጭቃ ውስጥ መቅበር፣ እስኪጠና ድረስም ከከብትና ከማጭድ መጠበቅ ነው፤ ሥራው ያ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው ከየት እስከ የት ይተከል በሚለው ላይ ነው። ችካሉ የመስከረሙ ውኃ የደረሰበት ላይ ይመታ ወይስ የሰኔው የቀረበት ላይ? በሁለቱ መካከል ባለው መሬት የሚተዳደር ቤተሰብ አለ። እኔ በበኩሌ ቀያሹ ችካሉን ከመምታቱ በፊት ከዚያ አራሽ ጋር ይቀመጥ እላለሁ፤ ከታንኳ ሠሪውም ጋር፤ ደንገሉ የት የት እንደነበረ ከማንም ይበልጥ የሚያስታውሰው እሱ ነውና።